ጄን ኤር ቁጡ ናት?

ሻርሎት ብሮንቴ በ1847 እ.ኤ.አ. ያሳተመችውን ልቦለድ ያነበቡ ጓደኞቻችን ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ጄን ኤርን «ቁጡ ናት» ይሏታል። እርግጥ ትቆጣለች። ግን በምን ምክንያት?

እናትና አባቷን በሕፃንነቷ ያጣችው ጄን የምታድገው በአጎቷ ሚስት ቤት ነው። በአሥር ዓመቷ የአጎቷ ልጅ ጆን መጽሐፍ ሲወረውርባት ወድቃ ትፈነከታለች፤ ሊደግማት ሲመጣ ትታገለዋለች። የተቀጣችው ግን እሷው ናት፤ አጎቷ በሞተበት ቀይ ክፍል ተቆለፈባት። እንግዲህ ቁጣዋ በደል ሲደርስባት የሚነሣ ነው እንጂ እንዲያው አመል ሆኖባት አይደለም።

በሎውድ ትምህርት ቤትም ሚስተር ብሮክልኸርስት በርጩማ ላይ አቁሞ፣ ውሸታም እያለ በተማሪዎች ፊት ያዋርዳታል። እዚህ ላይ እኛ ዕጩ መምህራን ማየት ያለብን የሚስ ቴምፕልን ሥራ ነው። ልጅቷን ቁጭ ብላ አዳመጠቻት፤ የነገረቻትንም ዝም ብላ አልተቀበለችም፣ ደብዳቤ ጽፋ አጣራች። ከዚያ ስሟን ያደሰችላት በጓዳ ሳይሆን ተማሪው ሁሉ በተሰበሰበበት ነው። የተዋረደችው በአደባባይ ነበራ! ጄን ከዚያ ወዲያ ትምህርቷን አጥብቃ ያዘች፣ በኋላም እዚያው ሁለት ዓመት አስተማረች።

ታዲያ ቁጣዋ የት ገባ? አልጠፋም፤ ራስን ወደ ማክበር ተለወጠ። ሚስተር ሮቼስተርን ከልቧ እየወደደችው፣ በሕይወት ያለች ሚስት እንዳለችው ስታውቅ ጥላው የሄደችው ለዚህ ነው።

ኋላም 20,000 ፓውንድ ስትወርስ ከሦስት ዘመዶቿ ጋር እኩል ተካፈለችው፤ ለእያንዳንዳቸው 5,000 ደረሳቸው። ቁጡ የሚሏት ሰዎች ይህን ምዕራፍ ዘለውት ይሆን እንዴ?