የተቆለፈ ላፕቶፕ ስንት ያወጣል?

በጎንደር ፒያሳ፣ ከፋሲል ግቢ አጠገብ ባለው የንግድ ሰፈር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪውም ሆነ ሂሳቡን በኮምፒዩተር መያዝ የፈለገው ነጋዴ አዲሱ ሲወደድበት ያገለገለ ላፕቶፕ ይጠይቃል። ዕቃው መደብር ውስጥ በርቶ ሲታይ እንከን የለውም። ችግሩ የሚመጣው ቤት ገብቶ፣ ጠፍቶ ሲበራ ነው። ጥቁር ስክሪን ላይ የቁልፍ ምስል ይወጣና ፓስዎርድ ይጠየቃል። ሻጩ አያውቀውም፤ ለሻጩ የሸጠው ሰውም የት እንዳለ አይታወቅም።

ፓስዎርድ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ዊንዶውስ ከተነሳ በኋላ የሚጠየቀው ቀላሉ ነው። ባለሙያ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ቢጭነው፣ ውስጡ የነበረው ፋይል ይጠፋ እንደሆነ እንጂ ማሽኑ ይሠራል። ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚጠየቀው ግን የተቀመጠው ማዘርቦርዱ ላይ ስለሆነ ዲስክ መቀየርም ሆነ ዊንዶውስ መጫን አይፈታውም።

«ትንሿን ባትሪ አውጥቶ መመለስ ነው» የሚለው ምክር የመጣው ከጠረጴዛ ኮምፒዩተር ነው። ባትሪዋ ስትወጣ በእርሷ ኃይል የሚኖረው መረጃ ይጠፋል። በላፕቶፕ፣ በተለይም ለመሥሪያ ቤት ተብለው በተሠሩት ሞዴሎች፣ ዋናው ፓስዎርድ ኃይል ቢቋረጥም በማይጠፋ ቺፕ ውስጥ ይቀመጣል። ለምሳሌ ሌኖቮ፣ የቲንክፓድ ዋና ፓስዎርድ ከተረሳ መፍትሔው ማዘርቦርዱን መቀየር እንደሆነ ይገልጻል። ዴል በአንዳንድ ሞዴሎቹ ላይ መክፈቻ ቢሰጥም አስቀድሞ የባለቤትነት ማረጋገጫ ይጠይቃል። አፕልም የግዢ ደረሰኝ ካላየ አይከፍትም። ቺፑን ነቅለው እንደገና የሚጽፉ ጠጋኞች አሉ፤ ሆኖም ሥራው ከተበላሸ ማሽኑ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል።

ጉዳቱን ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ነጋዴው 10 ላፕቶፖችን በ15,000 ብር ሂሳብ በ150,000 ብር ገዛ። እያንዳንዱን በ20,000 ብር ቢሸጥ 50,000 ብር ያተርፋል። ሁለቱ ተቆልፈው ቢገኙና ለስክሪናቸውና ለራማቸው ተብሎ በ5,000 ብር ቢሸጡ ግን ጠቅላላ ሽያጩ 170,000 ብር፣ ትርፉም 20,000 ብር ብቻ ይሆናል። ሁለት ቁልፎች ከትርፉ 60 በመቶውን በሉ ማለት ነው። በመሆኑም የተቆለፈ ላፕቶፕ መገመት ያለበት በመለዋወጫ ዋጋ ነው።

ከዚህ ለመዳን ገንዘብ ከመቁጠር በፊት አምስት ደቂቃ ይበቃል። አንደኛ፣ ማሽኑ እንዲያንቀላፋ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ይብራ። ሁለተኛ፣ እንደበራ ወደ ባዮስ ይገባ፤ በቲንክፓድ ኤፍ 1፣ በዴል ኤፍ 2፣ በኤችፒ ኤፍ 10 ይጫናል። ብዙ ገዢ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ላፕቶፑ በደንብ እየሠራ፣ ባዮሱ ግን ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ቲንክፓድ ትንሿ ባትሪ የሞተች ዕለት ሰዓቱንና ቀኑን አስተካክሉ ብሎ ዋናውን ፓስዎርድ ሊጠይቅ ይችላል። ሦስተኛ፣ ዲስኩም የራሱ ፓስዎርድ ሊኖረው ይችላልና ይታይ። ዲስክ ግን ተለዋጭ ስላለው ኪሣራው ይቀላል። አራተኛ፣ ደረሰኙ ላይ የማሽኑ መለያ ቁጥርና የሻጩ ስም ይጻፍ፤ ፓስዎርድ ከተገኘበት ዕቃው እንደሚመለስም ይስፈር።

ደረሰኙ ሌላም ጥቅም አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩን ለዕቃው ጉድለት ኃላፊ ሲያደርግ፣ ገዢው ደግሞ ዕቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምርና ጉድለቱን እንዲያስታውቅ ያዛል። ከዚህም በላይ፣ ባለቤቱ የማይታወቅና ፓስዎርዱ የጠፋ ላፕቶፕ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ፣ ወይም ማወቅ ሲገባው፣ ዕቃ የሚገዛን ሰው ይቀጣል።

ስለዚህ ሻጩ «ፓስዎርዱን ነገ አመጣልሃለሁ» ካለ ገንዘቡም ነገን ይጠብቅ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።