ሳሎኑ ደመቀ፣ ምስሩ ግን አይታይም

የወላጆቼ ቤት በታደሰ ሰሞን፣ ሊመሽ ሲል ስገባ እናቴን በረንዳው በር ላይ አገኘኋት። ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ በቀረችው የፀሐይ ጭላንጭል ምስር ትለቅማለች። ከኋላዋ አዲሱ የጂፕሰም ኮርኒስ 12 ስፖት ላይት ደርድሮ ቦግ ብሏል። ምነው እዚህ ተቀመጥሽ ስላት «እዚያ ጠጠሩ አይታየኝም» አለችኝ። ስለ ቤት መብራት የማውቀው አብዛኛው ነገር ከሰው ሰው የተቀባበልኩት እንጂ ያጣራሁት እንዳልነበረ የገባኝ ያን ዕለት ነው።

«አምፖል በበዛ ቁጥር ቤት ይደምቃል» ይባላል። ስፖት ላይት ግን ብርሃኑን አጥብቦ ቁልቁል ነው የሚጥለው። ወለሉ ያበራል፤ ግድግዳውና የሰው ፊት ይጨልማል። እናቴ የምትቀመጥበት ሶፋ ግድግዳው ጥግ ላይ አይደለም፤ ወደ መሃል ወጣ ስለሚል መብራቶቹ ከጀርባዋ ይቀራሉ፣ ጎንበስ ስትል የገዛ ጥላዋ ሰፌዱ ላይ ያርፋል። በዚያ ላይ ዕድሜ አለ። የ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጠኛው ክፍል የሚደርሰው ብርሃን በ20 ዓመቱ ይደርስ ከነበረው ሲሶ ገደማ ነው፤ ብሌን ይጠባል፣ የዓይን ሌንስም እየደፈረሰ ይሄዳል። ለእኛ የበቃው ብርሃን ለእሷ አልበቃም ማለት ነው። የሚያስፈልጋት 13ኛ ስፖት ሳይሆን ከሶፋው ጎን የሚቆም፣ ብርሃኑን ሰፌዱ ላይ የሚያሳርፍ አንድ መብራት ነበር። እዚያ ግን ሶኬት አልነበረም። ቀለሙ ያልጠገበውን ግድግዳ ፈልፍለን ሽቦ ቀበርን።

ማዕድ ቤትም ያው ነው። ጣሪያው መሃል የተሰቀለ አንድ አምፖል ሽንኩርት የሚከትፈውን ሰው ጀርባ ያበራና ቢላዋውን ጥላ ውስጥ ይተወዋል። ከላይኛው ካቢኔ ሥር፣ ወደ ፊተኛው ጠርዝ ተጠግቶ የሚለጠፍ የኤልኢዲ ስትሪፕ ይህን ይፈታል። ሻወር ቤት ውስጥ ደግሞ ከመስታወቱ በላይ ብቻ ያለ መብራት ከዓይን ሥር ጥላ ያጠላልና በፊት ቁመት ግራና ቀኝ ቢሆን ይሻላል። ውሃ በሚረጭበት አካባቢ የሚገጠመው መብራት ውሃን የመከላከል ደረጃውን የሚያሳይ አይፒ 44 ወይም ከዚያ በላይ የሚል የተጻፈበት ይሁን።

«ቢጫ መብራት ቆጣሪ ይበላል፣ ነጩ ይቆጥባል» የሚለው እምነት መነሻ አለው። የድሮው ባለ ክር አምፖል ቢጫ ነበር፤ ብዙም ይፈጅ ነበር። የተካው ቆጣቢ አምፖል ብዙውን ጊዜ ነጭ ሆኖ መጣና ጥፋቱ በቀለሙ ተላከከ። ቆጣሪ ቀለም አያይም። 9 ዋት ኤልኢዲ ቢጫም ሆነ ነጭ የሚወስደው 9 ዋት ነው። ቀለሙ ካርቶኑ ላይ በኬልቪን ተጽፏል፦ ከ2700 እስከ 3000 ቢጫማ፣ 4000 መካከለኛ፣ 6500 ወደ ሰማያዊ ያደላ ነጭ። እኔ ለሳሎንና ለመኝታ ቤት 3000፣ ለማዕድ ቤት 4000 እመርጣለሁ። 6500ን መኝታ ቤት ማስገባት በፍጹም አልመክርም፤ ሰማያዊ የበዛበት ብርሃን አመሻሹ ላይ ሰውነት ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀውን ሆርሞን ያዘገያል።

ሱቅ ስንገባ የምንጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብለን ነው። ዋት የሚነግረን የሚፈጀውን ኃይል ነው፤ የብርሃኑ መጠን ሉመን ነው። የቀድሞው 60 ዋት አምፖል 800 ሉመን ያህል ይሰጥ ነበር፤ ዛሬ ከ8 እስከ 10 ዋት ኤልኢዲ ያንኑ ይሰጣል። ብርሃኑ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚናገረውን ሲአርአይ የሚለውን ቁጥርም እዩ። 90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በርበሬው በርበሬ፣ የነጠላው ጥለትም እንደ ቀን ሆኖ ይታያል።

«ኤልኢዲ አይቃጠልም» ለሚሉም፦ ይቃጠላል። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚሞተው ብርሃን ሰጪው ክፍል ሳይሆን ኃይሉን የሚያስተካክለው ትንሽ ሰርኪዩት ነው፤ ጠላቱም ሙቀት ነው። አየር በማያገኝ ኮርኒስ ውስጥ የታፈነ አምፖል ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ አምፖሉ ብቻ ተነቅሎ የሚቀየርበትን ዓይነት ምረጡ።

አንድ ነገር ግን ችላ አትበሉ። መብራቱን አጥፍታችሁት አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ ማብራቱን ከቀጠለ «የተረፈ ኃይል ነው» ይባላል። ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ትንሽ ጠቋሚ መብራት ካለች ወይም ሽቦዎቹ ረጅም መንገድ ጎን ለጎን ከሄዱ ሊሆን ይችላል፤ ያ ብዙም አያሰጋም። ነገር ግን ማጥፊያው ኃይል አምጪውን ሽቦ (ፌዙን) ሳይሆን መመለሻውን (ኒውትራሉን) እየቆረጠም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን መብራቱ ጠፍቶም መያዣው ውስጥ 220 ቮልት አለ። አምፖል ለመቀየር መሰላል ላይ የወጣ ሰው እዚያ ላይ ይያዛል። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ አስፈትሹት።

ኪስ የሚጎዳው ደግሞ «መብራት የመጨረሻ ሥራ ነው» ማለት ነው። መጨረሻ ላይ የሚመረጠው የመብራቱ ቅርጽ ነው። ቦታው፣ ማብሪያው በየት በኩል እንደሚሆን፣ ሶኬቱ፣ የትኞቹ መብራቶች ለብቻ እንደሚበሩ፣ ይህ ሁሉ ከልስን በፊት ይወሰናል፤ ሽቦው የሚያልፍበት ቱቦ የሚቀበረው ያኔ ነውና። ግድግዳው ገና ብሎኬት ሳለ አንድ ማታ ረጅም ኤክስቴንሽን ላይ አምፖል ሰክታችሁ ግቡ። አንዱ አምፖሉን ይያዝ፣ ሌላው ሶፋው፣ ምድጃው፣ አልጋው በሚሆንበት ቦታ ይቀመጥ። ጥላው የማያስቸግርበትን ስታገኙ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፤ ኤሌክትሪሺያኑ በማግስቱ ያንን ተከትሎ ይፈለፍላል።