በእጅ የሚዞር ትንሽ የኤሌክትሪክ ማመንጫ

እንደሚታወቀው በጉንደ ወይን ደጋ በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ በደመና ተሸፍና ትሰነብታለች፤ የፀሐይ መብራት ሰሌዳም በቂ ኃይል አይሰበስብም። የስንዴ ቢጫ ዋግ የሚስፋፋው ደግሞ እንዲህ ባለው ርጥብና ቀዝቃዛ ወራት ነው። በ2003 ዓ.ም. ይህ በሽታ በአገራችን ስንዴ ላይ ብርቱ ጉዳት አድርሷል። ማስጠንቀቂያው በራዲዮ ሲነገር ድንጋይ ያለቀበት ገበሬ ወሬውን የሚሰማው ማሳው ቢጫ ከሆነ በኋላ ነው።

ስለዚህ በእጅ የሚዞር ማመንጫ ያለው ራዲዮ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

እጀታው ሲዞር ትልቁ ባለ ጥርስ ጎማ ትንሹን ይነዳል፤ ትንሹም እንደ እንዝርት ይፈጥናል። ከእርሱ ጋር የተያያዘው ማግኔት በመዳብ ሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲሽከረከር በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ይህን ሕግ እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 አገኘ። የብስክሌት ዲናሞም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው።

የክንድ ጉልበት ግን ወሰን አለው። እንዲህ ያለው ትንሽ መሣሪያ የሚሰጠው ከ2 እስከ 3 ዋት ያህል ነው። ትንሽ ራዲዮ ድምፁ ዝቅ ሲል ከግማሽ ዋት በታች ስለሚበቃው፣ አንድ ደቂቃ ሳያቋርጡ ያዞሩት እንደሆነ ለጥቂት ደቂቃዎች ይናገራል። ለእጅ ባትሪም እንዲሁ ይበቃል።

ሻጮች «ስልክም ይሞላል» ይላሉ። ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የዛሬው ትልቅ ስልክ ባትሪ 15 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። በ3 ዋት ለመሙላት የሚባክነው ሳይቆጠር 5 ሰዓት ማዞር ይጠይቃል፤ ከዚህስ እህል መፍጨት ይሻላል። በባለ ቁልፍ ስልክ ግን 10 ደቂቃ ቢያዞሩ ለአንድ አጭር ጥሪ የሚሆን ኃይል ይገኛል። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የገበሬዎች የመረጃ መስመር 8028 የሚደወለውም በእንዲህ ያለው ስልክ ነው።

የብስክሌት ዲናሞ ሽቦ በቀጥታ ከስልክ ጋር አይገናኝ፤ የሚያመነጨው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ስለሆነ ስልኩን ያበላሻል።

ሲገዙ እዚያው ሱቁ ውስጥ አዙረው ይስሙ። እኔ የገዛሁት አንዱ የፕላስቲክ ጥርሱ በሁለተኛው ሳምንት ተሰበረ። እጀታውን በኃይል አይንጡት፤ በእኩል ፍጥነት ያዙሩት። በበጋ ባይጠቀሙበትም በወር አንድ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ያዙሩት፤ ውስጡ ያለው ትንሽ ባትሪ ባዶውን ከከረመ ኃይል መያዝ ይተዋል።