ሩቅ ያለ ሐኪም ለታመመ ሕፃን
በሬድዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ



ሕፃን ልጅ በሌሊት ሲታመም የቤተ ሰቡ ጭንቀት ምን ያህል እንደሆነ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል። የሕፃናት ሐኪም የሚገኝበት ከተማ ሩቅ ሲሆን ደግሞ ጭንቀቱ እጥፍ ይሆናል። ዛሬ የምንናገረው፥ የርቀት ሕክምና በሚባለው ዘዴ ሐኪሙ ካለበት ሳይነሣ ለእንዲህ ያለው ሕፃን እንዴት ሊደርስለት እንደሚችል ነው።

ሕፃን ማለት ትንሽ የሆነ ዐዋቂ ሰው ማለት አይደለም። ትንፋሹ እንኳ የሚመዘነው በዕድሜው ነው። ከ1 እስከ 5 ዓመት የሆነው ልጅ በደቂቃ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲተነፍስ ትንፋሹ ፈጣን ነው ይባላል፤ 2 ወር ሞልቶት 1 ዓመት ላልሞላው ግን ልኩ 50 ነው። መድኃኒቱም በክብደቱ ይሰላል። በስሌቱ ላይ የነጥብ ቦታ ቢሳሳት መድኃኒቱ 10 እጥፍ ይበዛል፤ ወይም ከሚገባው አንድ ዐሥረኛው ብቻ ይሆናል። በገጠር ሆስፒታል ተረኛ የሆነው ሐኪም ምንም ትጉህ ቢሆን፥ በጽኑ የታመመ ሕፃን የሚያጋጥመው አልፎ አልፎ ስለሆነ፥ እንደ ሕፃናቱ ሐኪም ሥራውን በልምድ ሊያውቀው አይችልም።

ቀድሞ የነበረው መፍትሔ ስልክ መደወል ነው። ነገር ግን በስልክ የሚመክረው ሐኪም የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው፤ ተረኛው ያላስተዋለውን ምልክት ሊሰማ አይችልም። በርቀት ሕክምና ግን ከአልጋው አጠገብ ካሜራና የድምፅ መሣሪያ ይቆማል። የሩቁ ሐኪም የልጁን ደረት ወደ ውስጥ መሰርጐድ፥ የአፍንጫውን መርገብገብ፥ የቆዳውን ቀለም፥ እናቱ ስትጠራው ዘወር ማለቱን በዓይኑ ያያል። የመድኃኒቱንም ስሌት ከተረኛው ጋር ይመረምራል።

የዚህን ጥቅም በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ የተደረገ ጥናት ያስረዳል። በዴቪስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በ8 የገጠር ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል የታከሙ 234 ሕፃናትን መዝገብ መርምረው፥ ውጤቱን በአውሮፓ አቈጣጠር በ2013 ዓመተ ምሕረት አወጡ። የሩቅ ባለሙያ ምክር ላላገኙት ሕፃናት ከታዘዘው መድኃኒት በ12.5 ከመቶው የሐኪም ስሕተት ተገኘ። ምክሩ በስልክ ሲሆን 10.8 ከመቶ ሆነ። ምክሩ በምስል በተሰጠ ጊዜ ግን ወደ 3.4 ከመቶ ዝቅ አለ። ሕፃናቱ በዕጣ የተከፋፈሉ ባለመሆናቸው ልዩነቱ ሁሉ የመሣሪያው ውጤት ነው ማለት አይገባም፤ ሆኖም ዓይን ከጆሮ ይልቅ እንደሚረዳ በብርቱ ያመለክታል።

ሌላም ጥቅም አለ። የሩቁ ሐኪም ልጁን ካየ በኋላ ወደ ትልቁ ሆስፒታል በፍጥነት መላክ ያለበትን፥ እዚያው በወላጆቹ አጠገብ ሊታከም ከሚችለው ለመለየት ይቀለዋል።

ይሁን እንጂ ካሜራ መርፌ አይወጋም፤ ኦክሲጅንም አይሰጥም። ይህን የሚፈጽመው በአልጋው አጠገብ የቆመው ሐኪምና ነርስ ነው። ስለዚህም ነገሩ መሣሪያ በመግዛት ብቻ የሚያልቅ ሳይሆን የአስተዳደርም ሥራ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚተካው ኀይል መዘጋጀት አለበት። የመገናኛው መሥመር አስቀድሞ መፈተን፥ በእያንዳንዱ ሌሊት መልስ የሚሰጠው ሐኪም ስም በተራ መዝገብ መጻፍ፥ የሕፃናት ሚዛንም ከአልጋው አጠገብ መገኘት ይገባዋል። ሠራተኞቹም በሰላሙ ቀን ሊለማመዱበት ያስፈልጋል፤ በጭንቅ ቀን ብቻ የሚከፈት መሣሪያ በጭንቅ ቀን እምቢ ይላልና።

እንግዲህ ደብዳቤ የሚጽፍ፥ በጀት የሚያዝ፥ የተራ መዝገብ የሚያዘጋጅ ሠራተኛ ሁሉ ከዚያ አልጋ ሩቅ ነኝ ብሎ ማሰብ አይገባውም። ሕፃኑ ትንፋሽ ባጠረው ሰዓት የእርሱም ሥራ ከሐኪሙ ሥራ ጋር አብሮ ይፈተናል።