ለደጅ የሚሆን ቦርሳ ከአሮጌ ሸራ



ከ2017 ጀምሮ በትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች አንድ የፕላስቲክ ከረጢት 10 አጎሮት ይከፈልበታል። ከዚያ ወዲህ የየቤታችን ጓዳ በልዩ ልዩ ቦርሳ ተሞልቷል፤ ለደጅ የሚሆነው ግን ጥቂቱ ነው። ወደ ጊቫት ኦልጋ ባሕር ዳር ወይም ወደ ሐዴራ ጫካ ስንሄድ ውሃው፣ ዳቦው፣ ምንጣፉ ሁሉ አንድ ላይ ይታጨቃል። ማንገቻው መንገድ ላይ ሲበጠስ ጎንበስ ብሎ መልቀም በእኛ ዕድሜ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ከተጣለ ሸራ ጠንካራ ቦርሳ እንዴት እንደሚሰፋ እንነጋገር።

ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። እህሉ በፍየል ቆዳ ስልቻ ይጫን ነበር። በኋላ የማዳበሪያ ከረጢት መጣ። ስሙን ልብ በሉ፤ ማዳበሪያ መሬቱን የሚያዳብረው ነው፣ እኛ ግን ባዶውን ከረጢት ራሱን «ማዳበሪያ» ብለን ጤፍ ከተትንበት፤ ቆርጠንም የተማሪ ደብተር መያዣ ሰፋንበት። በአስተማሪነቴ ዘመን እንዲህ ያሉ ቦርሳዎች ብዙ አይቻለሁ። ቀድሞ የሚለቀው ከረጢቱ ሳይሆን ማንገቻው የተሰፋበት ቦታ ነበር። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

ፈረንጆቹም ደርሰውበታል። በ1993 በስዊዘርላንድ ዙሪክ ከተማ ማርከስና ዳንኤል ፍራይታግ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ብስክሌት ሲነዱ ዝናብ የማያስገባ ቦርሳ ፈለጉና ከአሮጌ የከባድ መኪና ሸራ ሰፉት። ማንገቻው የመኪና ቀበቶ፣ የጠርዙ መጠቅለያ ደግሞ የብስክሌት ከመነዳሪ ነበር። ዛሬ ከቦርሳዎቻቸው አንዱ በኒውዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ተቀምጧል። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚሠሩ የእጅ ባለሙያዎች ይህን ቢሰሙ የሚገርማቸው አይመስለኝም!

ወንድማማቾቹ የመረጡት ሸራ በአጋጣሚ አልተሳካም። ጨርቅ ስትመርጡ ውፍረቱን ብቻ አትዩ፤ ፊት የት ሲኖር እንደነበረ ጠይቁ። የከባድ መኪና ሸራ፣ እዚህ ብሬዜንት የምንለው፣ ዕድሜውን በፀሐይና በዝናብ ያሳለፈ ነው። ውስጡ የፖሊስተር ክር ነው፤ በሁለቱም ወገን ፕላስቲክ ተቀብቶ ለፀሐይ እንዲችል ተደርጎ ይሠራል። ማዳበሪያ ግን ጭነት ለመቻል እንጂ ፀሐይ ላይ ለመክረም አልተሠራም። ጥቂት ወራት ደጅ ካደረ ክሩ ደርቆ በጣት ሲነኩት ይፈረካከሳል። ማንሳት የሚችለውን ያህል ፀሐይ መቻል አይችልም ማለት ነው። ጂንስም ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ውሃ ይጠጣል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ እርጥቡን ከታጠፈ ይሻግታል።

ከብሬዜንት ቀጥሎ የማስታወቂያ ሸራ ጥሩ ነው። ከ2019 እስከ 2022 አምስት ጊዜ ምርጫ ባደረገ አገር ይህ አይጠፋም፤ ባለቤቱን አስፈቅዶ መውሰድ ነው። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን ግን ለአሸዋማ ፎጣ ካልሆነ ተዉት። የተባይ መድኃኒት ወይም ኬሚካል የነበረበትን ከረጢት በምንም መንገድ አትንኩት፤ ታጥቦ የሚለቅ አይደለም።

አሁን ወደ ስፌቱ። የጥጥ ክር ይበሰብሳል፤ ወፍራም የፖሊስተር ክር ግዙ። ሸራ አንዴ ከተበሳ ቀዳዳው አይደፈንም፣ ስለዚህ በስፒል ፈንታ በልብስ መቆንጠጫ ያዙት። ስፌቱን አታጠጋጉት፤ በአንዱና በሌላው መካከል ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከተጠጋጋ ሸራው እንደ ቴምብር ዳር በቀዳዳው መስመር ይቀደዳል። የስፌት መኪናችሁ እምቢ ካለ በወስፌ ቀድሞ መብሳትና በእጅ መስፋት ይቻላል፤ የእናቶቻችን ወስፌ ስንቱን አክርማ አልበሳም? ካውያ አታስጠጉበት፣ ይቀልጣል።

ማንገቻው ላይ አትቸኩሉ። ከአፉ ጫፍ ላይ ብቻ ከተሰፋ ክብደቱን ሁሉ ጥቂት ክር ይሸከማል። ቀበቶውን በአንድ ጎን አውርዳችሁ፣ ከሥር አሳልፋችሁ፣ በሌላው ጎን አውጡት። ያኔ ጭነቱ የሚያርፈው ቀበቶው ላይ ነው፤ ስፌቱ ከቦታው እንዳይንሸራተት ይይዘዋል እንጂ ክብደት አይሸከምም። አፉ አካባቢ አራት ማዕዘን ሰፍታችሁ መሃሉን ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ድገሙት። ከመኪና የተፈታ ቀበቶ ሰፊ ስለሆነ ትከሻ አይቆርጥም። የብረት ዚፕ ግን የባሕሩ ጨው ያዝገዋል፤ አፉን አጥፎ በገመድ ማሰር ይሻላል።

ምግብን በተመለከተ አገልግልን አስታውሱ። ውስጡ ስፌት፣ ውጩ ቆዳ ነው፤ ቆዳው ከመንገዱ ጋር ይታገላል፣ እንጀራውን የሚነካው ስፌቱ ነው። እዚህም እንዲሁ አድርጉ፦ ዳቦውን በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ክተቱት፤ ሸራው ምግቡን በቀጥታ አይንካው። ጨርቁ እየወጣ ይታጠባል፤ ሸራውን በለብ ያለ ውሃና ሳሙና አብሳችሁ ጥላ ውስጥ አፉን ከፍታችሁ ስቀሉት።