ስለ ሽቦ አልባው ኢንተርኔት መታወክና ስለ ጋራ አየራችን

በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ውስጥ፣ ማታ ሰው ሁሉ ከሥራው ገብቶ ቴሌቪዥኑን፣ ስልኩንና ኮምፒዩተሩን በከፈተበት ሰዓት፣ «ኔትወርክ የለም» የሚለው አቤቱታ ከየቤቱ ይሰማል። አቤት ባዩም ዘወትር ወቀሳውን የሚያሳርፈው ከውጭ በሚመጣው መሥመር ላይ ነው፤ ይሁን እንጂ ጥፋቱ ከራውተሩ እስከ ኮምፒዩተሩ ባለው ጥቂት ሜትር አየር ውስጥ ተሰውሮ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ያም አየር የማንም የግል ርስት ስላልሆነ፣ የአንድ ቤት ችግር መስሎ የተጀመረው ነገር የሕንፃው ሁሉ ጉዳይ ሆኖ ይገኛል።

የነገሩ ጥንተ መሠረት እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ቀድሞ ለኢንዱስትሪ፣ ለሳይንስና ለሕክምና መሣሪያዎች ተለይቶ የነበረውን የሞገድ ክልል፣ ከእርሱም አንዱ የሆነውን የ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ፣ ማንም ያለ ፈቃድ ለመገናኛ እንዲጠቀምበት ከፈተ፤ ይህ ነጻነት ግን ከጥበቃ ጋር አልተሰጠም፣ ተጠቃሚው ሁሉ ከሌላው የሚደርስበትን ሁከት ታግሦ እንዲኖር ግድ ተባለ እንጂ። በ1997 802.11 የተባለው የሽቦ አልባ ደንብ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት ፍጥነት ወጣ፤ በ1999 ፍጥነቱ ወደ 11 ሜጋቢት ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህ ይኸው ጠባብ ክልል የዓለም ሕዝብ ሁሉ መተላለፊያ ሆነ። ማይክሮዌቭም በ2.45 ጊጋኸርዝ የሚሠራ በመሆኑ፣ ጎረቤት እራቱን ሲያሞቅ የሌላው ቪዲዮ ቢቆም የሚያስደንቅ አይደለም።

ይህ ክልል የተከፈለባቸው ቻናሎች በቁጥር ብዙ ይምሰሉ እንጂ፣ እያንዳንዱ ከሌላው የሚርቀው 5 ሜጋኸርዝ ብቻ ሲሆን፣ አንድ ራውተር የሚይዘው ስፋት ግን 20 ሜጋኸርዝ ያህል ስለሆነ፣ እርስ በርሳቸው ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚኖሩት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። በአንድ ቻናል ላይ ያሉ መሣሪያዎችም አንዱ ሲናገር ሌላው ያደምጣል፣ አየሩ ጸጥ ሲል ጥቂት ቆይቶ ይጀምራል፤ በማሕሌት ቀኝ ወገን ሲያዜም ግራው ተራውን እንደሚጠብቅ ማለት ነው፤ ነገር ግን በማሕሌቱ መሪጌታ አለ፣ በዚህ አየር ውስጥ ግን የለም፤ ስለዚህ የዜመኛው ቁጥር በበዛ መጠን የእያንዳንዱ ተራ ይርቃል። በ3 ወይም በ4 ቻናል ላይ የተቀመጠ ራውተር ደግሞ ከሁለት ወገን ጋር በከፊል ስለሚደራረብ፣ ራሱም ይጎዳል፣ ሌላውንም ያውካል።

እንግዲህ ጥፋቱን መለየት የሚሻ ሰው፣ በመጀመሪያ ኮምፒዩተሩን በገመድ ከራውተሩ ጋር ያገናኘው፤ በገመድ ደኅና ከሆነ ነገሩ የአየሩ ወይም የዋይፋይ ካርዱ ነው፣ በገመድም ካልሠራ ከራውተሩ ወይም ከእርሱ ወዲያ ካለው መሥመር ነው። የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ መሆኑ ከራውተሩ ጋር መገናኘትን እንጂ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘትን አይመሰክርም። የኮምፒዩተሩ አድራሻ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ፣ ራውተሩ አድራሻ አልሰጠውም ማለት ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ አሮጌ ዓመት የሚመለስ ኮምፒዩተር ደግሞ፣ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ ያለቀችበት ነው፤ ቀኑ ስለተሳሳተም ባንክና ኢሜይልን የመሰሉ ገጾች የደኅንነት ማረጋገጫቸውን አልቀበልም ተብለው አይከፈቱለትም፤ ባለቤቱ ግን ኔትወርኩን ይረግማል።

ባለሙያ ሲጠራ አስቀድሞ የሚናገረው «አጥፍተህ አብራው» የሚል ነው። ምክሩ ከንቱ አይደለም፤ ራውተሩ ሲነሣ አድራሻዎችን እንደገና ያከፋፍላል፣ ብዙውን ጊዜም አዲስ ቻናል ይመርጣል፤ ነገር ግን ምክንያቱን ሳይገልጥ በሽታውን ስለሚሸፍን፣ በማግሥቱ ማታ ይኸው አቤቱታ ይመለሳል። በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ራውተር ያለው ሰው ከዚህ ግርግር ይተርፋል፤ ያ ሞገድ ግን በኮንክሪት ግድግዳ ማለፍ ስለሚቸግረው፣ ራውተሩ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ወይም ከብረት ቁም ሣጥን ጎን ሳይሆን በቤቱ መካከል ከፍ ብሎ ሊቀመጥ ይገባዋል።

በአንድ ደረጃ ወጥታችሁ የምትወርዱ ጎረቤቶች ሆይ፣ ስለ ውኃና ስለ ጽዳት በምትሰበሰቡበት ጊዜ፣ የየቤታችሁን ራውተር በ1፣ በ6 እና በ11 ተከፋፍላችሁ፣ የ2.4 ጊጋኸርዙ ስፋት በ40 ሜጋኸርዝ የተቀመጠ ራውተር ካለም ወደ 20 ዝቅ አድርጋችሁ፣ አየራችሁን አብራችሁ ሥርዓት አስይዙት።