ዋልያ፦ የበረሃ ዘመድ ያለው የደጋ ፍየል

ከፍኖተ ሰላም በስተምሥራቅ የሚገኘውን የጮቄን ተራራ የወጣ ሰው ጅብራን ያውቀዋል። አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞተው ይህ የውርጭ ተክል ከጎንደር ባሻገር በሰሜን ተራሮችም ይበቅላል። በሰሜን ገደሎች ላይ ግን በጮቄም ሆነ በሌላው ዓለም በዱር የማይገኝ እንስሳ አለ፤ እርሱም ዋልያ ነው።

የዋልያ የቅርብ ዘመድ በሲና፣ በዓረቢያና በቀይ ባሕር ዳርቻ በሚገኙ የበረሃ ተራሮች የሚኖረው የኑቢያ የዱር ፍየል ነው። የበረሃው ፍየል ፈዛዛ ጠጕር የፀሐይን ሙቀት ይመልስለታል። ዋልያ በአንጻሩ ደማቅ ቡናማ ሲሆን፣ ከ2,500 እስከ 4,500 ሜትር ከፍታ ባለው ቀዝቃዛ አየር ይኖራል። የወንዱ ክብደት ከ100 ኪሎ ግራም፣ የቀንዱም ርዝመት ከ1 ሜትር ሊበልጥ ይችላል።

ሁለቱን ዘመዳሞች የሚያመሳስላቸው ገደል ነው። የሰኮናቸው ጠርዝ ጠንካራ፣ ውስጡ ግን ለስላሳ በመሆኑ ጠርዙ የድንጋዩን ስንጥቅ ይይዛል፤ ውስጡም እንዳያንሸራትታቸው ያደርጋል። አዳኝ አውሬ በማይደርስበት ስፍራ የሚቆሙት በዚህ ምክንያት ነው።

ነገር ግን ገደሉ ምሽግ ብቻ ሳይሆን እስር ቤትም ነው። ዋልያ ከሰሜን ውጭ የሚሸሽበት ሌላ ተራራ የለውም። ሴቷም አምስት ወር ገደማ አርግዛ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ግልገል ብቻ ስለምትወልድ የጎደለው ቍጥር ቶሎ አይተካም።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተመሠረተ፤ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። እርሻ፣ ግጦሽና ሰፈራ እየተስፋፉ፣ ዋልያም እየተመናመነ በመሄዱ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገባ። ከዚያም ቀድሞ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረው ፓርክ ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ሰፋ፤ በ2016ም የግጭ መንደር ነዋሪዎች የኖሩበትን ቀዬ ለቅቀው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። ቅርሱ በ2017 ከአደጋው መዝገብ ወጣ።

ይህ ውጤት ግን ጸንቶ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከ800 በላይ የነበሩት ዋልያዎች በ2024 ወደ 300 ገደማ ዝቅ ማለታቸው ተነግሯል። ከ2020 ወዲህ በአካባቢው የተከሠተው ጦርነትና ግጭት ጥበቃውን ማወኩ፣ ሕገ ወጥ አደንም መበርታቱ በምክንያትነት ይጠቀሳሉ።

እንግዲህ በአንድ ተራራ ላይ ብቻ የሚኖር ዝርያ አንድ ወረርሽኝ ወይም ጥቂት የአደን ዓመታት ሊያጠፉት ይችላሉ። ቍጥሩ ባነሰ መጠን ዘመዳሞች እርስ በርስ ስለሚራቡ በሽታን የመቋቋም ኃይሉም ሊደክም ይችላል። ጮቄ ጅብራው ቢተርፍለትም አብዛኛውን የአስታ ደኑን ለእርሻና ለግጦሽ አጥቷል። አስታ ግን በሌሎች ተራሮችም ስላለ ዘሩን አምጥተን ልንተክለው እንችላለን። ዋልያ ከሰሜን ከጠፋ ግን ዘሩን የምናመጣበት ሌላ ተራራ አይኖረንም።